ለስፒነርቤይት የሚሆን ዘንግ እንዲህ አገኘሁ

ቀጭኗ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር ዝርግ ብረት ያለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) አልችል አለች። ስወረውር ትለመጣለች። ዓሣው ሲነክስም መንጠቆው በደንብ አይሰካም፤ ወፍራም ስለሆነ ኃይል ይፈልጋል።

መፍትሔው ከእጀታው በላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ናት። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን የጓደኛዬን ዘንግ እያገላበጥኩ አነበብኳት፦ መካከለኛ ከባድ (የዘንጓ ጥንካሬ)፣ ከ7 እስከ 28 ግራም (የምትችለው የማጥመጃ ክብደት)። የእኔ ስፒነርቤይት 14 ግራም ነው፤ ልክክ! እሷን የምትመስል ገዛሁ። 2 ሜትር ገደማ ብትሆንም ለሁለት ስለምትከፈል ሚኒባስ ውስጥ አታስቸግርም።

ጫፏን ግን በደንብ እዩ። ጫፉ ድርቅ ያለ ዘንግ ዓሣው በቅጡ ሳይጎርስ ማጥመጃውን ከአፉ ይነጥቀዋል። የእኔዋ ጫፏ ትንሽ እሺ ይላል፣ ወገቧ ደግሞ ይሸከማል። ክሩን ስጠቀልል የምትሽከረከረው ዝርግ ብረት ንዝረት እጄ ድረስ ይመጣል። ንዝረቱ ድንገት ቆመ? ወይ ሣር ነው ወይ ዓሣ፤ ለማንኛውም ሳብ!