ክርክሩን ማን ይረታል? ሳይጀመር እንዴት እንገምት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። የምርጫ ክርክር በደረሰ ቁጥር ወሬው ሁሉ «ማን ይረታል?» ነው። ብዙዎቻችን የምንደግፈውን ሰው ስም ጠርተን ግምት ሰጠን እንላለን። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ክርክሩን መርታትና ምርጫውን ማሸነፍን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ኦባማ በመጀመሪያው ክርክር በተፎካካሪያቸው ሮምኒ ተረቱ፣ ምርጫውን ግን አሸነፉ። በ2016 ደግሞ ከክርክሮቹ በኋላ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበሰብ ብልጫው የሂላሪ ክሊንተን ነበር፤ ፕሬዚዳንት የሆኑት ትራምፕ ናቸው። እኛ ጋ ልዩነቱ ይብሳል። ድምፅ የምንሰጠው በምርጫ ክልላችን ለቀረበ እጩ ስለሆነ ቴሌቪዥን ላይ ያስደመመን ሰው ስሙ ሐዋሳ በሚሰጠን የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ ደንቡን አንብቡ። እኔ ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስንት ፓርቲ ይቀርባል? ለእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ? ማን ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይስ ማን ይናገራል? አምስት ስድስት ፓርቲ አንድ መድረክ ላይ ከወጣ ለአንዱ የምትደርሰው ጥቂት ደቂቃ ናት፣ ስለዚህ አሳጥሮ መናገር የሚችል ሰው የላከ ፓርቲ ይጠቀማል፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ጊዜው ይረዝምና ያልተዘጋጀው ይጋለጣል። ደግሞ ደንብ ሁሌ የታሰበለትን ሰው አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ባይደንና ትራምፕ ተመልካች በሌለበት ስቱዲዮ 90 ደቂቃ ሲከራከሩ ተራው ያልደረሰው ሰው ማይክ ይዘጋ ነበር። ትራምፕ ማቋረጥ ስላልቻሉ ረጋ ያሉ መሰሉ፣ የባይደን መንተባተብ ደግሞ በዛ ጸጥታ ውስጥ ጎልቶ ተሰማ። ወር ሳይሞላ ባይደን ከውድድሩ ወጡ።

ከዚያ የተከራካሪዎቹን የድሮ ቪዲዮ ፈልጉ። ንግግር ያደረጉበትን ተዉት፣ በጥያቄ የተፋጠጡበትን እዩ። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ ድገሙት። አንድ ተከራካሪ ጥያቄ በከበደበት ቁጥር የውሃውን ብርጭቆ አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ ሲያስቀምጥ አይቼ ማስታወሻ ያዝኩ። በክርክሩ ዕለት ስለ ኑሮ ውድነት ሲጠየቅ ብርጭቆዋ ተነሳች፣ ከዛ በኋላ የጠራቸው ቁጥሮች እርስ በርስ አልገጠሙም።

ሰው ምን እንደሚጠብቅም መዝኑ። «ይበላዋል» የተባለለት ተከራካሪ እኩል ከወጣ እንደተሸነፈ ይቆጠራል፤ ማንም ያልጠበቀው ሳይደናቀፍ ከጨረሰ «ጎበዝ ነው» ይባላል። ይህን ለማወቅ ለየትኛውም ፓርቲ ግድ የሌለውን ሰው ጠይቁ፤ እኔ የባጃጅ ሹፌሮችን እጠይቃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሁሉንም ወሬ ይሰማሉ።

ግምታችሁን ክርክሩ ሳይጀመር በወረቀት ጻፉ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁም ከአስር ቁጥር ስጡት፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጨምሩበት። ክርክሩ እንዳለቀ ደግሞ ስልክ ሳትነኩ ማን እንደረታ እዛው ገጽ ላይ አስፍሩ፤ ቲክቶክ ላይ ተቆርጣ የምትዞረው ሠላሳ ሰከንድ ያያችሁትን ሁሉ ታስረሳለችና። ባለፈው እኔ ሰባት ከአስር ብዬ ተሳሳትኩ። ገጹን መልሼ ሳየው መጨረሻ ላይ የሚናገረው ማን እንደሆነ አልጻፍኩም ነበር።