የጥንቶቹን ጎሎች ማዕድ ለማዘጋጀት

ዩሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ58 እስከ 50 ባሉት ዓመታት ወግቶ ለሮም ያስገበራቸው ጎሎች፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ በቤልጂየምና በአካባቢያቸው ይኖሩ የነበሩ የኬልት ሕዝቦች ናቸው። የምግብ አሠራር ጽፈው አልተዉም፤ ማዕዳቸውን የምናውቀው ግሪኮችና ሮማውያን ከመዘገቡት፣ እንዲሁም ከመንደሮቻቸው ተቆፍሮ ከወጣው አጥንት፣ ከከሰለ እህልና ከሸክላ ስብርባሪ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከማዕዱ መቅረት ያለበትን በመለየት ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ በቆሎና ቃሪያ ከአሜሪካ የመጡት ከብዙ ዘመናት በኋላ ስለሆነ ቦታ የላቸውም። የወይራ ዘይትም ይቅር፤ በአገሩ ብርቅ ስለነበር ጎሎች አልለመዱትም፣ ጣዕሙንም አልወደዱትም ይላል በደቡባዊ ጎል የተዘዋወረው ግሪካዊው ፈላስፋ ፖሲዶንየስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በዱር አሳማ ነው። ጎሎች ዘወትር አድነው የሚበሉ ይመስለናል፤ ከመንደሮቻቸው የተገኘው አጥንት ግን በአብዛኛው የቤት እንስሳ፣ ማለትም የአሳማ፣ የከብት፣ የበግና የፍየል ሲሆን የአደን ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ይህ ማዕድ የገበሬ ማዕድ መሆኑን ያልተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ ያበላሻል ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ሥጋ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ነው። ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን እንደጻፈው የጎሎች አሳማዎች በሜዳ የሚያድሩ፣ ግዙፍና ፈጣን ስለነበሩ ለማያውቃቸው ሰው መቅረብ አደገኛ ነበር፤ የሴኳኒ ነገድ የሚያዘጋጀው የጨው ሥጋም እስከ ሮም ይላክ ነበር። ጨዉን በምሥራቅ ፈረንሳይ በሎሬን ካለው ከሴይ ሸለቆ የጨው ምንጮች የተቀዳውን ውኃ በሸክላ ዕቃ እያፈሉ ያወጡት ነበር። ለአራት ሰው 400 ግራም የጨው ሥጋ ይያዙና ማታ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ውኃውን ሁለት ጊዜ ካልቀየሩት ሾርባው አይቀመስም።

በማግስቱ ሥጋውን በንጹሕ ውኃ በትልቅ ድስት ጥደው በዝግታ ለአንድ ሰዓት ያብስሉት። ጎሎች ድስታቸውን በሰንሰለት ከምድጃው በላይ ያንጠለጥሉት ስለነበር እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን። ከዚያ የተፈተገ ገብስ 250 ግራም ይጨምሩ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም 150 ግራም ድፍን ምስር ያስከትሉ፤ ገብሱ ፈክቶ ሾርባው ሲወፍር ያውጡት። እህሉን የሚያከማቹበት ዘዴ አሁንም ያስደንቀኛል፦ ጉድጓድ ቆፍረው ይሞሉና አፉን በጭቃ ይደፍኑታል፤ ከዳር ያለው ጥቂት እህል እርጥበት አግኝቶ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ አየር ያጣው የቀረው እህልም ሳይበላሽ ለወራት ይቆያል።

ዳቦው ጥቂት ይሁን፤ ፖሲዶንየስ የጎሎች ምግብ ጥቂት ዳቦና ብዙ ሥጋ መሆኑን ይናገራል። በጥራቱ ግን የሚናቅ አልነበረም። ሮማዊው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ በጎልና በስፔን የቢራውን አረፋ ለእርሾ ስለሚጠቀሙበት ዳቦአቸው ከሌሎች የቀለለ ነበር፤ ከፈረስ ጭራ የሚሠራውንም ወንፊት ለጎሎች ፈጠራ ይሰጠዋል። ስለዚህ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ይንፉና ቢራ በሚጠመቅበት ዕቃ ላይ ከሚንሳፈፈው አረፋ ሁለት ማንኪያ ጨምረው ያቡኩት። የጠርሙስ ቢራ አረፋ ግን ብዙውን ጊዜ ሕይወት ያለው እርሾ ስለሌለው ሊጡን አያነሣውም። ሊጡ እጥፍ ሲሆን ትንንሽ ክብ ዳቦ አድርገው ይጋግሩት።

ከወንዝ ወይም ከባሕር አጠገብ የሚኖሩት ዓሣ በጨው፣ በኮምጣጤና በከሙን ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ይህን ለመጨመር አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከሙኑን በመጠጥም ውስጥ ይነሰንሱት ነበርና አንድ ቁንጥጫ ያስቀሩ።

ለመጠጥ ሀብታሞቹ ከጣሊያንና ከማርሴይ የመጣ የወይን ጠጅ ውኃ ሳይቀላቅሉ ይጠጡ ነበር፤ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ እንደሚለው ነጋዴዎች ለአንድ እንስራ ወይን አንድ ባሪያ ይቀበሉ ነበር። ዝቅ ያሉት የሚጠጡት ማር የገባበት የስንዴ ቢራ ነበር፤ ስሙም «ኮርማ» ነው፤ ከእኛው ኮርማ በሬ ጋር በድምፅ ከመግጠም በቀር ዝምድና የለውም። ጽዋው አንድ ብቻ ይሁንና እየዞረ እያንዳንዱ ሰው ከ50 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ፣ ግን ደጋግሞ ይጎንጭ።

ወለሉ ላይ ድርቆሽ ያንጥፉና ዝቅ ያለ የእንጨት ገበታ ያቅርቡ። ተጋባዦቹ በክብ ይቀመጣሉ፤ በጦር፣ በዘር ወይም በሀብት የላቀው መካከል ላይ፣ ጋባዡ ከጎኑ፣ ሌሎቹም እንደየማዕረጋቸው። ሥጋው ከነአጥንቱ በሁለት እጅ ተይዞ በጥርስ ይገነጠላል፤ እምቢ ሲል ብቻ በትንሽ ቢላዋ ይቆረጣል። አንበሳዊ አበላል ቢለውም፣ ፖሲዶንየስ ንጽሕናቸውን አልካደም። ታፋው የጀግናው ድርሻ ነበር፤ ሌላ ሰው ይገባኛል ካለ ሁለቱ እስከ ሞት ይጋጠሙ ነበርና ለማን እንደሚሰጡት አስቀድመው ይወስኑ። የማያውቁት ሰው ከደጅ ቢመጣም ያስገቡት፤ ጎሎች እንግዳን ማንነቱንና የመጣበትን ጉዳይ የሚጠይቁት በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር።