ጤና አዳም በጓሮ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሔያቸው

ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ወገን ነው። ድርቅንና ለምነት የጎደለውን አፈር ስለሚችል፣ በጓሮ ውስጥ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በእንክብካቤ ማነስ ሳይሆን በእንክብካቤ ብዛት ነው።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅርንጫፎቹ ከጠወለጉና የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ከረገፉ፣ ሥሩ በውሃ ብዛት አየር አጥቶ መበስበስ ጀምሯል። ውሃ ማጠጣቱን አቁሞ ተክሉን በጥንቃቄ መንቀል፣ የጠቆረውንና የላሸቀውን ሥር መቁረጥ፣ ከዚያም አሸዋ በተቀላቀለበትና ውሃ በማይቋጥር አፈር መልሶ መትከል ያስፈልጋል። ግንዱ ከታች ጀምሮ ከጠቆረ ግን ተክሉን ለማዳን ከመድከም ይልቅ፣ ከጤነኛ ቅርንጫፍ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ እንደ አዲስ ማጽደቅ ይሻላል።

ቅርንጫፉ ቀጥኖ የሚመዘዝና ሽታው የደከመ ከሆነ መንስኤው ጥላ ወይም የፍግ ብዛት ነው፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ወደሚያገኝበት ቦታ ማዛወርና ፍጉን መተው ይበቃል። ቅጠሉ ተግጦ ከተገኘ አባጨጓሬ ነው፤ በእጅ ይለቀም እንጂ ለመድኃኒትነት በሚቀጠፍ ቅጠል ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን በሰው ቆዳ ላይ የሚታየው ምልክት ነው። በፀሐይ የጤና አዳምን ቅርንጫፍ ሲገርዝ የዋለ ሰው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እጁ ቢቀላ፣ ቢያቃጥለውና ውሃ ቢቋጥር፣ ምክንያቱ በቅጠሉ ጭማቂ ውስጥ ያለው ፉራኖኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከፀሐይ ብርሃን ጋር ተጣምሮ ቆዳውን ማቃጠሉ ነው። ይህ አለርጂ ስላልሆነ ማንንም ሊያገኝ ይችላል፤ ጥቁር ምልክቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጭማቂው እንደነካ ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ መታጠብና ቦታውን ከፀሐይ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ውሃ የቋጠረውን ማፈንዳት አይገባም፣ ቁስሉ ሰፊ ከሆነም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ ጓንት አድርጎ አመሻሽ ላይ መግረዝ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠልንም በቆዳ ላይ ከማሸት መቆጠብ ተገቢ ነው።

ጭማቂውን አብዝቶ የጠጣ ሰው ቢያስመልሰውና ሆዱን ቢቆርጠው፣ መጠኑ ጉበትንና ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ስለሚችል ሳይዘገይ ሕክምና ያግኝ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በጥቂቱም ቢሆን ልትጠጣው አይገባም፤ ማህፀንን አኮማትሮ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላልና።