መኪናው ሳይደርስ በሩን ሲያልፍ፦ የዲጂታል መንትያ የሰዓት ስሕተትን ያስተካከልኩበት መንገድ

ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጡ ኮንቴይነሮችን እንቅስቃሴ ለመከታተል ሲምፓይ በተባለው የፓይተን ማስመሰያ መሣሪያ የሠራሁት ዲጂታል መንትያ (እውነተኛውን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያስመስል ሞዴል)፣ የበር ላይ የወረፋ ጊዜን ከዜሮ በታች ያወጣ ነበር። አንድ ተሽከርካሪ በጂፒኤሱ 6፡00 ላይ ደርሶ ሳለ በበሩ መዝገብ ግን 3፡00 ላይ ገብቷል።

በመጀመሪያ ጂፒኤሱን ጠርጥሬ የመላኪያ ድግግሞሹን ከ5 ደቂቃ ወደ 1 ደቂቃ ባወርደውም ለውጥ አልመጣም። ቀጥዬ በመረጃ ቋቱ በፖስትግሬስኪውኤል የጂፒኤሱን ሰዓት ከዩቲሲ (ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ስቀይረው ልዩነቱ ከ3 ወደ 6 ሰዓት ሰፋ፤ መንገዱን ያሳየኝ ይኸው 6 ቁጥር ነው። የበሩ መዝጋቢ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ በእኛው አቆጣጠር የጻፈውን ሥርዓቱ «ጠዋት» የሚለውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ያስቀምጥ ነበር። የሌሊት ገቢዎች ደግሞ በ18 ሰዓት ይዛነፉ ነበር።

የሠራው እርምጃ የሚከተለው ነው። ከወረቀት መዝገቡ የቀንና የሌሊት መለያውን ወደ አንድ ዓምድ መለስኩ፤ 12ን እንደ 0 ቆጥሬ ለቀን 6፣ ለሌሊት 18 ሰዓት በፓንዳስ (በፓይተን የሠንጠረዥ መረጃ ማቀናበሪያ) ደመርኩ፤ ድምሩ 24 ሲሞላ ወይም ሲያልፍ ቀኑ ወደ ማግስቱ እንዲዞር አደረግሁ፤ በመጨረሻም የሁለቱንም ምንጮች ሰዓት በዩቲሲ አስቀመጥኩ። የ12ቱን ነገር አደራ አትዝለሉት፤ ካልተስተካከለ ንጋት 12 ሰዓት የገባው መኪና ምሽት ላይ የገባ ይመስላል። የመዝጋቢው የመጀመሪያ ጽሑፍ ሳይነካ በሌላ ዓምድ ተቀምጧል። ያለፉትን 2 ሳምንታት መረጃ ደግሜ ሳስኬደው ከዜሮ በታች የሆነ ወረፋ አንድም አልቀረም።