የአሮጌዋ ኮሮላ ማሞቂያ አልነፋ ሲል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የክረምት ማለዳ ብርዷ አይጣል ነው። ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የፊት መስታወቱ ጉም ለብሶ መንገዱ አልታይ ሲል ነው። ስለዚህ የመኪናዬ ማሞቂያ ማራገቢያ ሲቆም ነገ ዛሬ ሳልል ገባሁበት።

ፊውዙ ደህና ነው። ማብሪያውን በሁሉም ፍጥነት ሞከርኩ፤ ጭጭ። በትልቁ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ሬዚስተሩን (የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቀንሰውን ዕቃ) እጠረጥር ነበር፣ ትልቁ ፍጥነት ሬዚስተሩን አልፎ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ስለሚያገኝ። ከዚያ በተሳፋሪው በኩል ከክሩስኮቱ ሥር እጄን ሰድጄ የማራገቢያውን ሞተር በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው እያጓራ ተነሣ፤ ወዲያው መልሶ ቆመ። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ፣ አልቋል ማለት ነው።

ሶኬቱን ነቅዬ ሦስቱን ብሎን ስፈታ ሞተሩ ከነማራገቢያው ወረደ። የማራገቢያው ክንፎች መሐል ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ታጭቋል። አንደኛው ካርቦን ተበልቶ ስፕሪንጉ መግፋት አቅቶታል፤ ካርቦኑ የሚያርፍበት መዳብም ከሰል መስሏል። መዳቡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ወለወልኩት፣ በመዳቦቹ መሐል ያለውን ስንጥቅ በመርፌ ጠረግሁ። ይህቺን ሥራ የሚዘልላት ብዙ ነው፤ ጥቁሩ ዱቄት እዚያ ከቀረ ግን አዲሱ ካርቦንም ብልጭታ እያወጣ ቶሎ ያልቃል።

ሁለቱንም ካርቦን ቀይሬ፣ ዘንጉ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጌ፣ ከመግጠሜ በፊት በባትሪ አስነሣሁት፤ ያለ ጩኸት ዞረ። ካርቦን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ ከተለቀ በሞረድ ይስተካከላል፤ ካነሰ ግን ቤቱ ውስጥ ይዋልላል።