ስካይሪምን ሲጀምሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስካይሪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 2011 የወጣ፣ በሰፊ ምናባዊ ዓለም ውስጥ እየዞሩ የሚጫወቱት ጌም ነው፤ እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው ቤታችን ዛሬም እጫወተዋለሁ። ብዙ ጓደኞቼ ግን ጀምረው በሳምንቱ ትተውታል። «ታሪኩ ደካማ ነው፣ ውጊያውም ይደጋገማል» ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ነው። የሚያሳዝነኝ የጌሙን ውበት ሳያዩ መተዋቸው ነው።

ትልቁ ስህተት በካርታ መዝለል ነው። አንዴ የደረሳችሁበትን ቦታ ካርታው ላይ ስትጫኑት በቅጽበት እዚያ ትገኛላችሁ። ይህን ከለመዳችሁ ጌሙ አለቀ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሄደ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ከመሳለሙ በፊት ሐይቁን፣ ታንኳ ቀዛፊውን፣ የቡናውን ጫካ አይቶ ነው የሚደርሰው። ስካይሪምም እንደዚያ ነው። በጌሙ ውስጥ መነኮሳት ወደሚኖሩበት የተራራ ገዳም ወደ ሀይ ሮትጋር ስትወጡ ከኢቫርስቴድ መንደር ተነስታችሁ ሰባት ሺህ የሚባለውን ደረጃ በእግር ውጡት። በረዶው ዓይን ይጋርዳል፤ መንገዱ ዳር ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቆመዋል፤ እነሱን ቆም እያላችሁ አንብቡ። መንገዱ ላይ አንድ ነጭ ጭራቅ ይጠብቃችኋል። እኔ ሦስት ጊዜ ገድሎኝ በአራተኛው በእሳት አስማት ነው ያለፍኩት፤ እሳት እንደሚፈራ የገባኝም ያኔ ነው።

ይህን ስል ዋናውን ታሪክ ጨርሶ መተውም ስህተት ነው። ከኋይትረን ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የጥበቃ ግንብ ላይ የመጀመሪያውን ዘንዶ እስክትገድሉ ድረስ ዘንዶዎች በየሜዳው አይመጡም። እስከዚያ ድረስ ታሪኩን ተከተሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ ዙሩ።

ሌላው ስህተት የተጫዋችነት ደረጃን (ሌቭል) ለውጊያ በማይጠቅም ክህሎት ማሳደግ ነው። ጌሙ 18 ክህሎቶች አሉት፤ የምትሠሩበት ክህሎት ያድጋል፣ የክህሎቶቹ እድገት ተጠራቅሞ አጠቃላይ ደረጃችሁን ከፍ ያደርጋል። ይህ አሠራር ከጌሙ ጥንካሬዎች ዋነኛው ነው፤ ሰይፍ የያዘ ሰይፈኛ ይሆናል። ችግሩ ብዙዎቹ ጠላቶች ከደረጃችሁ ጋር አብረው መጠንከራቸው ነው። እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ ቀጥቃጭ ቤት ቆሜ ጩቤ ስሠራ ደረጃዬ ጨመረ፣ ሰይፍ አያያዜ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ተራ ሽፍታ ሁሉ ይገድለኝ ጀመር። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት የውጊያ ክህሎት መርጣችሁ እነሱን አስቀድሙ።

ተደብቆ ቀስት መወርወር ደግሞ ሁሉም ሰው ሳያስበው የሚገባበት ወጥመድ ነው። ሳይታዩ የተወረወረ ቀስት ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ በክህሎት ሲታገዝ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በጣም ስለሚያዋጣ ሌላውን አጨዋወት ያስረሳል። ይህን የጌሙ ጉድለት ነው እላለሁ፤ ሠሪዎቹ ሚዛኑን አልጠበቁም። ሁለተኛ ዙር ስትጀምሩ ቀስቱን ተዉትና በአስማት ሞክሩት።

ከታሪኩ ብዙ አትጠብቁ። ጥቂት አስማት ብቻ የሚያውቅ ሰው የአስማተኞች ትምህርት ቤት የሆነው የዊንተርሆልድ ኮሌጅ አለቃ ሊሆን ይችላል፤ አለቃ ከሆነ በኋላም ዓለሙ እምብዛም አይለወጥም።

ያገኙትን ሁሉ መሸከምም አያዋጣም። የመጀመሪያው የመሸከም አቅም 300 ነው፤ ከዚያ ካለፈ መሮጥ አትችሉም። ክብደቱ ትንሽ ዋጋው ትልቅ የሆነውን ብቻ ያዙ።

የመጨረሻው ለእኛ ከተማ ተጫዋች ከሁሉ ይብሳል፤ በኤፍ5 ብቻ ሴቭ ማድረግ። ይህ ቁልፍ የሚጽፈው አንድ ፋይል ላይ ነው፤ አዲሱ የድሮውን ይተካዋል። አንድ ምሽት ከትልቅ ዘንዶ ጋር ተዋግቼ እንዳሸነፍኩ ኤፍ5 ስጫን መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሬ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ነው። መብራት ሲመጣ ፋይሉ አልከፈት አለ፤ ያለኝ ሌላ ሴቭ ከአሥር ቀን በፊት የተቀመጠ ነበር። አሁን ዋሻ ከመግባቴ በፊት ሜኑውን ከፍቼ በአዲስ ፋይል ሴቭ አደርጋለሁ፤ ሁልጊዜም ቢያንስ አምስት የተለያዩ ፋይሎች አሉኝ፤ በየሳምንቱም ወደ ፍላሽ እገለብጣቸዋለሁ።