ሲንክ ሲደፈን የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከማፍሰሳችሁ በፊት ጎንበስ በሉ

ሲንኩ ውሃ አላወርድ ሲል ብዙ ቤት የመጀመሪያው እርምጃ ልጅ ሱቅ መላክ ነው። ልጁ የሆነ ነገር በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ይፈሳል፣ ይጠበቃል። ካልሆነ ሌላ ነገር ይፈሳል። እስከዚያ ድረስ ጎንበስ ብሎ ከሲንኩ ሥር ያለውን ቱቦ ያየ አንድም ሰው የለም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ደፋኙ ነገር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ነው። ከላይ የምታፈሱት ኬሚካል ደግሞ ቱቦውን ባይከፍተው እንኳ፣ በኋላ ሊከፍተው የሚመጣውን ሰው እጅ ያቃጥላል።

ሳያዩ ማፍሰስ

ከሲንኩ ሥር ጎበጥ ብሎ የወረደው ወይም እንደ ኩባያ ተንጠልጥሎ የምታዩት ክፍል ሲፎን ነው። ውስጡ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀመጣል። ያ ውሃ የፍሳሽ መስመሩ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ይዘጋል። ከሲንኩ የሚወርደው ቅባት፣ የቡና አተላና ፍርፋሪም የሚዘቅጠው መጀመሪያ እዚያ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የባኞ ቤቱ መታጠቢያና የወለሉ ፍሳሽ በደንብ ይወርዳሉ? እነሱ ደህና ሆነው የወጥ ቤቱ ብቻ ከቆመ፣ ነገሩ ሲፎኑ ውስጥ ወይም ከእሱ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እነሱም አብረው ከቆሙ፣ ወይም ቧንቧ ሳትከፍቱ ውሃ ከታች ወደ ሲንኩ ከመጣ፣ ችግሩ ከእናንተ ቤት ውጭ ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ያሉት ሁሉ በአንድ የጋራ መስመር ነው የሚለቁት፣ መስመሩ ሲዘጋ ፍዳውን የሚያየው ምድር ቤት ያለው ሰው ነው። እንዲህ ሲሆን እናንተ ሲንክ ላይ የሚፈስ መድኃኒት ምንም አይፈይድም።

በረኪናን ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀል

ከሁሉም ስህተት አደገኛው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በረኪና ቅባት አያሟሟም። ያነጣል፣ ተህዋስ ይገድላል፣ ሽታ ይቀንሳል። የተደፈነ ቱቦ መክፈት ግን ሥራው አይደለም። እሱን አፍስሶ እምቢ ሲል አሲድ መጨመር ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። የብዙ ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ስፋት ደግሞ ይታወቃል። አሲድ ስል በጠርሙስ የሚሸጠውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ውስጣቸው አሲድ አለ፣ አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሳታስቡት ቀላቅላችሁ ኃይለኛ ሽታ ከመጣ ለማጽዳት አትሞክሩ። ውጡ፣ ልጆቹን አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ቀጥታ ጤና ተቋም ነው። «ወተት ጠጣና ተኛ» የሚለውን ምክር ተዉት።

ኮስቲክ ሶዳን እንደ ዱቄት ሳሙና ማየት

ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙናነት ስለሚቀይር እውነትም ይሠራል። ችግሩ የሰውንም ቆዳ በዚያው መንገድ መብላቱ ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፍሬውን ሲንክ ውስጥ በትነው ከላዩ ሙቅ ውሃ ይደፉበታል። ሶዳው ውሃ ሲነካው በራሱ በጣም ይግላል፣ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ፣ ከዚያ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ። ውሃን ሶዳ ላይ በፍጹም። በአሉሚኒየም ድስት መበጥበጥም አይሆንም፤ አሉሚኒየሙን እየበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ።

ቱቦው ጭራሽ ከቆመ ደግሞ አትጠቀሙበት። ሶዳው የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ተከማችቶ ሊጠጥር ይችላል፣ ያኔ አንድ ደፋኝ የነበረው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሶዳ የሚሆነው ቀስ እያለም ቢሆን ለሚወርድ ሲንክ ነው።

የኛ አገር ነገር ስለሆነ ይሄንንም ልጨምር። ውሃ በጠፋበት ቀን ኮስቲክ ሶዳም አሲድም አትንኩ። ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ቢደርስ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ መታጠብ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ በአንድ ጆግ አይሆንም። ውሃ ቢኖርም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሁለት ጀሪካን ሙሉ አስቀምጡ። ቃጠሎውን በሎሚ ለማብረድ መሞከር ደግሞ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው።

የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ የሚባለውን ልማድማ ምን ልበል። የተጠማ ልጅ መለያ አያነብም። የሚያቃጥል ኬሚካል የዋጠ ሰው ጉሮሮው ይቃጠላል፣ እንዲያስመልሰው ከተደረገ ሲወጣም ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አታስመልሱ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሶዳውን በራሱ መያዣ፣ ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት። እንዲያውም ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆነውን ግዙ።

የፈላ ውሃ

የሲንክ ቱቦ አሁን በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ላለ ሙቀት አልተሠራም፤ መለስለስ ይጀምራል፣ መጋጠሚያው ይላላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እሱም ቢሆን ለቱቦው በጣም ብዙ ነው።

ደግሞም አያስፈልግም። ቅቤም የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣሉ። ስለዚህ እጅ ሞቅ ሲለው የሚችለው ውሃ በላርጎ ይበቃል። ዋናው መብዛቱ ነው። አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ካፈሰሳችሁ ቅባቱ ቀልጦ ትንሽ ይሄድና ቀዝቃዛው ቱቦ ጋ ሲደርስ እንደገና ይረጋል፣ ያውም እጅ በማይደርስበት ቦታ። ባልዲ ሙሉ ሞቅ ያለ ውሃ አከታትሉበት። ሲንኩ ላይ የቆመውን ቆሻሻ ውሃ ግን አስቀድማችሁ በጆግ ቀድታችሁ አውጡ፣ አለበለዚያ ሙቁ ውሃ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀዘቅዛል።

ስለ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ሲታይ ያስደስታል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን እርስ በርስ ተጣፍተው የሚቀረው ባብዛኛው ጨዋማ ውሃ ነው። ለሽታ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ የረጋ ቅባት ግን አይገፋም።

በጎማ መምጠጫ በደረቁ መጫን

ያቺ እጀታ ያላት የጎማ መምጠጫ ከየትኛውም መድኃኒት የተሻለች ናት፣ አያያዟን የሚያውቅ ሰው ግን ትንሽ ነው። የሽንት ቤቱን አምጥታችሁ ሳህን የሚታጠብበት ላይ እንዳትጠቀሙ፣ ሌላ ግዙ፣ ዋጋዋ አይጎዳም። ጎማው በውሃ መሸፈን አለበት። ሲንኩ ደረቅ ከሆነ የምትገፉት አየር ነው፣ አየር ደግሞ ይታመቃል እንጂ ደፋኙን አይነቀንቅም። ሲንካችሁ ሁለት ገንዳ ካለው ሁለተኛውን ቀዳዳ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ይያዝላችሁ፤ ካልተያዘ ግፊቱ በዚያ ይወጣል፣ ከነቆሻሻው። ከላይ ጠርዙ ጋ ትንሽ የትርፍ ውሃ መውጫ ካለውም እሱንም ድፈኑ። ከዚያ 15 ወይም 20 ጊዜ ሳታቋርጡ ግፉ ሳቡ። መሳቡ ከመግፋቱ ይበልጣል።

ኬሚካል ከፈሰሰ በኋላ ግን ይሄን ማድረግ የለም። ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው።

ሽቦ

የልብስ መስቀያ አቃንቶ መክተት የተለመደ ነው። ሲንኩ ሥር ያለው ቱቦ የሚታጠፈው ባለ ሽብሽብ ፕላስቲክ ከሆነ ሽቦው ይበሳዋል፣ እናንተ ሳታዩ ካቢኔቱን ውስጥ ውስጡን ያረጥበዋል። ጠንካራ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ደፋኙን በትንሹ በስቶ ያልፋል፣ ውሃ ለሁለት ቀን ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆማል። ቧንቧ ሠራተኞች የሚይዙት ረጅም ተጠማዛዥ ሽቦ ለዚህ የተሠራ ነው፤ መስቀያው ለልብስ ይሁን።

ሲፎኑን መፍታት፣ ግን በግርግር

ሲፎን መፍታት ልዩ ሙያ አይጠይቅም። አብዛኛው የፕላስቲክ ሲፎን በእጅ ይፈታል። ስህተቱ ያለው በዝርዝሩ ነው። ባልዲ ከሥሩ ሳታደርጉ አትፍቱ። በፒንሳ አታስጨንቁት፣ ፕላስቲኩ ጥርሱ ይበላል። ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒዋ፣ ከቆሻሻው ጋር ተደፍታ እንዳትሄድ፤ በየት በኩል እንደነበረች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቀለበቷ ከተገለበጠች ወይም ከጠፋች ሲንኩ ይከፈታል፣ ካቢኔቱ ግን ይንጠባጠባል።

ሲፎኑን በእጃቸው ይዘው፣ «ቆይ ልጠበው» ብለው፣ እዚያው ሲንክ ላይ ቧንቧ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ። ከሥር ቱቦ የለም እኮ! ውሃው ቀጥታ እግር ላይ ነው። የባልዲውን ቆሻሻ ውሃ እዚያው ሲንክ ላይ መድፋትም ያው ነው። ባኞ ቤት ሄዳችሁ እጠቡት፣ ቆሻሻውን በፌስታል አድርጉ።

መልሳችሁ ስትገጥሙ በእጅ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። ሲንኩን ሞልታችሁ በአንዴ ልቀቁት፣ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ዳሰስ አድርጉ። ሶፍቱ ከረጠበ ቀለበቷን እንደገና እዩ።

አንዳንድ ቤት ሲፎን ጭራሽ የለም፣ ሽብሽቡ ቱቦ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ወይም ወለል ውስጥ ይገባል። ሽታ የሚመጣባችሁ ከዚያ ነው። ቱቦውን ወደ ላይ ጎበጥ አድርጎ ማሰር ለጊዜው ይረዳል፣ ሲፎን ማስገጠም ግን ውድ ሥራ አይደለም። ቱቦው የሚገባበት ክፍተትም ይደፈን፣ በረሮ መንገዱ እሱ ነው።

የተደፈነ ሲንክ፣ የተከፈተ ቧንቧ

ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ክፍት መሆኑን ሰው ይረሳል። ሌሊት ውሃ ይመጣል። ሲንኩ ደህና ከሆነ የምትከስሩት ውሃ ነው፣ ከተደፈነ ግን ጠዋት የምትነሱት ኩሬ ላይ ነው፣ ከሥር ያለው ጎረቤትም ጣሪያው ይዘንብበታል። ሲንኩ እስኪሠራ ከሥሩ የቧንቧው ውሃ መዝጊያ ካለ ዝጉት።

ማጣሪያውን አንስቶ መጣል

ውሃ ቶሎ አይወርድም ብሎ ማጣሪያውን ማንሳት ለሚቀጥለው መደፈን ቀጠሮ መያዝ ነው። ሩዝና ፓስታ ቱቦ ውስጥ ያብጣሉ። የተልባና የአብሽ ድፍድፍ ይሙለጨለጫል፣ ይጣበቃል። የሊጥ ዕቃ እጥበት ቱቦው ግድግዳ ላይ ይደርቃል። የቡና አተላ በውሃም በሳሙናም አይሟሟም፣ ቅባት ካገኘ ደግሞ ሁለቱ ተጋግረው እንደ ሲሚንቶ ይሆናሉ። ጀበናው ታጥቦ አተላው ሲንክ ውስጥ የሚደፋበት ቤት ሲንኩ ቢደፈን አይገርምም። አተላውን አበባው ሥር ድፉት ወይም ከቆሻሻ ጋር ይሂድ።

የዶሮ ወጥ ድስትና ቅቤ የነካው ሳህን ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ወይም በእንጀራ ቁራሽ ይጠረግ። በተለይ በፋሲካና በገና ማግስት። የጥብስ ዘይት ሲቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ ይደረግ።

አንድ ነገር ግን ደስ አይለኝም። ሲንክ በተደፈነ ቁጥር ጥፋቱ የቤት ሠራተኛዋ ነው ይባላል። ማጣሪያ ያልተገዛላት፣ አተላው የት እንደሚደፋ ያልተነገራት ልጅ ምን ታድርግ?

ግድግዳ ለማስፈረስ መቸኮል

ሲፎኑ ንጹህ ሆኖ፣ በጎማው ተገፍቶ፣ አሁንም ውሃ ካልሄደ ባለሙያ ጥሩ። የፈሰሰ ኬሚካል ካለ ገና በሩ ላይ ንገሩት፣ ስሙንም መጠኑንም። ሠራተኛው መጥቶ ወዲያው ሴራሚክ ይሰበር ካለ፣ በረጅሙ ሽቦ ሞክሯል ወይ? ውጭ ያለውን ማንሆል ከፍቶ አይቷል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ የእናንተን ግድግዳ መስበር ለምንም አይጠቅምም። የጋራ መስመር ከሆነ ወጪው የሁሉም ነው፣ ኮሚቴው ይጠራ። መስመሩ እየተከፈተ እያለም ከላይ ላሉት በየበሩ አንኳኩታችሁ ውሃ እንዳይለቁ ንገሯቸው፣ ሠራተኛው ማንሆሉ ውስጥ ነውና።